ችግሩ ያለው አረንጓዴው መስመር ላይ ነው፦ ስለ ፋየርዎል ሎግ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፋየርዎል (ኔትወርክን የሚጠብቅ መሣሪያ) ሎግ፣ ማለትም መሣሪያው የሚያሳልፈውንና የሚከለክለውን ግንኙነት ስለሚጽፍበት መዝገብ፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ድሬዳዋ ባለን የአይቲ ሠራተኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ጸሐፊው የተነሡት ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ምክር ለመለገስ ነው። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ መጻፋቸውን አከብራለሁ። ምክራቸው ግን ጉዳት አለው። እንዳለ ወስደው ሥራ ላይ ያዋሉት መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፋየርዎሉ የከለከለውን፣ ማለትም በቀይ የሚታየውን መስመር፣ ብቻ እዩ፤ የፈቀደውን፣ ማለትም አረንጓዴውን፣ መመዝገብ ቦታ ማባከን ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ቀይ መስመር ከበዛ እየተጠቃችሁ ነውና አገሩን በሙሉ ዝጉት። ሎጉ እዚያው መሣሪያው ላይ ይቀመጥ፤ ሌላ ማስቀመጫ ትርፍ ወጪ ነው። ሎጉ ላይ ያለው አይፒ አድራሻ (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ቁጥር) ጥፋተኛውን ስለሚነግራችሁ ሠራተኛውን በዚያ መጠየቅ ትችላላችሁ። በመጨረሻም የመሣሪያው ሰዓት ትንሽ ቢዛባ ግድ የለም ይላሉ።

ትልቁ ስህተት የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ፋየርዎል አንድን ግንኙነት ከለከለ ማለት ያ ግንኙነት አላለፈም ማለት ነው። እኛን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው አልፎ የሄደው ነው። ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር ውጭ ካለው አዛዥ ሰርቨር ጋር የሚነጋገረው በተፈቀደ ፖርት (አገልግሎቶችን በሚለይ የበር ቁጥር) ነው። ብዙውን ጊዜ በ443፣ ማለትም የባንክ ድረ ገጽ፣ ኢሜይልና ፌስቡክ በሚያልፉበት በዚያው ፖርት። ከውስጥ ወደ ውጭ 443ን የማይፈቅድ መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መስመሩ በአረንጓዴ ይመዘገባል። ቀዩን ብቻ የሚያይ ሰው ዓመት ሙሉ ስክሪኑ ላይ ቢያፈጥ አያገኘውም።

በእርግጥ በዚህ አስተሳሰብ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም። የታወቁት የፋየርዎል ዓይነቶች ራሳቸው ወደዚያ ይገፋሉ። ፒኤፍሴንስ ሲጫን በነባሪ ሩሉ (ደንቡ) የከለከለውን ይመዘግባል፤ የሚፈቅደው ሩል ላይ ግን ራሳችሁ ምልክት ካላደረጋችሁ ምንም አይጽፍም። ማይክሮቲክ ላይ ሩሉ ላይ ሎግ ካልተከፈተ የፈቀደውም የከለከለውም አይታይም። ፎርቲጌት ላይ አዲስ ፖሊሲ ስትሠሩ የሚመዘገበው የደህንነት ክስተት ያለበት ብቻ ነው፤ ሁሉንም ሴሽን (ግንኙነት) መዝግብ ብላችሁ መቀየር አለባችሁ። ፓሎ አልቶ የሚመዘግበው ግንኙነቱ ሲዘጋ ነው። እናም ለሰዓታት ክፍት ሆኖ የቆየ ግንኙነት እስኪዘጋ ድረስ ሎጉ ላይ የለም፤ እሱን ለማየት አሁን ክፍት ያሉትን ሴሽኖች ዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

ኤኤስኤ የተባለው የሲስኮ ፋየርዎል ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። በሲስሎግ (መሣሪያዎች ሎግ በሚጽፉበትና በሚልኩበት የጋራ ሥርዓት) ደረጃዎች ከ0 እስከ 7 ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ከባድ ነው። በአክሰስ ሊስት (በፋየርዎሉ የደንብ ዝርዝር) የተከለከለ ግንኙነት በመልእክት ቁጥር 106023 ይመዘገባል፤ ደረጃው 4 ነው። የቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ የአላላክ ዓይነት) ግንኙነት ሲከፈት 302013፣ ሲዘጋ 302014 ይመጣል፤ የሁለቱም ደረጃ 6 ነው። ዝርዝር እንዳይበዛበት ብሎ ደረጃውን 4 ላይ ያቆመ ባለሙያ ያለፈውን ግንኙነት በሙሉ ሳያውቀው አጥፍቶታል ማለት ነው። ከዚያ ሎጉን ከፍቶ ቀይ ብቻ ሲያይ ሎግ ማለት ይሄ ነው ብሎ ያምናል።

አረንጓዴውን እንዴት እናንብበው? አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ።

13:41:09፣ ከ192.168.10.37 ፖርት 51544፣ ወደ 203.0.113.45 ፖርት 443፣ ቲሲፒ፣ ሩል 12፣ ተፈቅዷል፣ ቆይታ 6 ሰከንድ፣ የወጣ 1,840 ባይት፣ የገባ 960 ባይት።

የግራው ፖርት፣ 51544፣ ኮምፒውተሩ ለጊዜው የመረጠው ቁጥር ነው፤ ለአሁኑ እለፉት። የቀኙ 443 አገልግሎቱን ይነግራችኋል። ሩል 12 የሚለው ወሳኝ ነው፤ ይህን ማን ፈቀደው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው። ሁሉንም ፍቀድ የሚል አሮጌ ሩል ረስታችሁ ትታችሁ ከሆነ የምታገኙት በዚህ ቁጥር ነው። ከዚያ ባይቱ። ድረ ገጽ የሚያይ ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል። እዚህ ላይ የወጣው ከገባው ይበልጣል።

መስመሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ነገር ግን ያው መስመር ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢደገም፣ እንደገና ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢመጣ፣ ሌሊቱንም በዚያው ልክ ቢቀጥል፣ ይህ የሰው ሥራ አይደለም። ሰው እንዲህ በሰዓት ተቆጥሮ አይሠራም። ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ጸረ ቫይረስ ወይም የዊንዶውስ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻው የማን እንደሆነ ማጣራት ይቀድማል። ባለቤቱ የማይታወቅ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከኔትወርኩ ነቅላችሁ መመርመር ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጸባይ ይረዳል። የውጭ መመሪያዎች ሌሊት የሚታይ ትራፊክ ላይ አተኩሩ ይላሉ። ድሬዳዋ ላይ ግን ቀትርም አለ። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አንስቶ እስከ 9 ሰዓት ገደማ፣ ብዙ ሱቅና ቢሮ ይዘጋል። ከዚራም ሆነ መጋላ መንገዱ ጭር ይላል። በአንድ ሳምንት ሎግ ላይ ይህ ዕረፍት በግልጽ ይታያል፤ ትራፊኩ ወርዶ ወርዶ 9 ሰዓት ላይ ይነሣል። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ከሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ወደ ውጭ በፖርት 5938 የተከፈተ ግንኙነት ብታዩ፣ ይህ ቲምቪወር (ኮምፒውተርን ከርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ነው፤ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ ያን ኮምፒውተር ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? ምናልባት ሶፍትዌሩን የሸጠው ባለሙያ ይሆናል። ምናልባት አይሆንም። መስመሩ ግን አረንጓዴ ነው፤ ጸሐፊው አትመዝግቡት ካሉት ወገን ነው።

ሌሎችም አሉ። ከተራ የቢሮ ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ውጭ በፖርት 25 የሚወጣ ትራፊክ ካለ ያ ማሽን አይፈለጌ ኢሜይል እየላከ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ግንቦት ወር ላይ ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የተዛመተው በ445 ነበር፤ ከውስጥ ወደ ኢንተርኔት በ445 የሚሄድ ግንኙነት ዛሬም ምክንያት ሊኖረው አይገባም። በፖርት 53 ደግሞ እናንተ ያላዘዛችሁትን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም) ሰርቨር የሚጠይቅ ማሽን ካለ ለምን እንደሆነ እወቁ።

ነገሩ የትንሽ ቢሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት የ40 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን የክፍያ ካርድ መረጃ ተሰረቀ። የደህንነት መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። በጊዜው እርምጃ የወሰደ ሰው ግን አልነበረም። መረጃው የወጣው ከውስጥ ወደ ውጭ ሰርቨሮች ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ ቀይ ከበዛ እየተጠቃችሁ ነው ወደሚለው።

ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚታይ አድራሻ) ያለው ማንኛውም መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ ከዋለ ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ አውጥተው አንድ ኮምፒውተር በአንድ ጊጋቢት መስመር መላውን የአይፒ ስሪት 4 አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈተሽ እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪውም ሌባውም ይህን ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ካሜራና ራውተሮችን ፍለጋ ፖርት 23ንና 2323ን እያንኳኳ ዓለምን ያካለለ ነበር። ስለዚህ በ23፣ በ22፣ በ3389፣ ማለትም በርቀት መግቢያ ፖርቶች፣ የሚታየው ቀይ መስመር እናንተን ነጥሎ የመጣ አይደለም። ጎረቤታችሁም ላይ አለ።

ልታስቡ የሚገባችሁ አንድ ምንጭ እናንተ በከፈታችሁት አገልግሎት ላይ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። ለምሳሌ ሪሞት ዴስክቶፕን (የዊንዶውስን የርቀት መግቢያ) ለውጭ ከከፈታችሁ፣ የይለፍ ቃል የሚሞክረው ሰው መስመር በፋየርዎሉ ላይ የሚታየው ተፈቅዷል ተብሎ ነው። እንደገና አረንጓዴ። እዚያ ላይ የኮምፒውተሩን የራሱን የመግቢያ ሎግ አብሮ ማየት ግድ ነው።

አገር መዝጋቱስ? አጥቂው ሰርቨር የሚከራየው በፈለገበት አገር ነው። ዛሬ አንዱን ብትዘጉ ነገ ከሌላው ይመጣል። በዚያ ላይ ጽሑፉ በምሳሌነት የጠቀሰው ቻይናን ነው። ድሬዳዋ ላይ ዕቃ ከቻይና የማያስመጣ አስመጪ ስንት ነው? እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴ የአቅራቢው ድረ ገጽ አልከፍት ሲለው ጥፋቱን የሚጥለው ኢንተርኔቱ ላይ ነው። ፋየርዎሉን የሚጠረጥር የለም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ሌላም የቀይ መስመር ምንጭ አለ፤ እኛ ጋ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። መብራት ሲሄድ ፋየርዎሉ ይጠፋል። ሲመለስ የያዘው የግንኙነት ሠንጠረዥ ባዶ ነው። ላፕቶፖቹ ግን በባትሪ ቆይተዋል፤ ያቋረጡት ወሬ ያልተቋረጠ ይመስላቸዋል። በግንኙነቱ መሐል ያለውን ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ይልካሉ። ፋየርዎሉ መጀመሪያውን ስላላየ አያውቀውም፤ ይጥለዋል። በሲስኮ ኤኤስኤ ይህ 106015 ተብሎ፣ ግንኙነት የለም የሚል መልእክት ይዞ ይመጣል። በፒኤፍሴንስ ላይ የቲሲፒው ምልክት ሲን (መጀመሪያ) ሳይሆን አክ (ማረጋገጫ) ወይም ፊን (መዝጊያ) ሆኖ ይታያል። መብራት በመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ገጹ በቀይ ይሞላል። ይህን አይቶ ተጠቃን ብሎ ኔትወርኩን በሙሉ የነቀለ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ። ምልክቱን ማንበብ ብቻ በቂ ነበር።

ሎጉ መሣሪያው ላይ ብቻ ይቀመጥ የሚለውም በዚሁ በመብራት ይወድቃል። ማይክሮቲክ በነባሪ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 1,000 መስመሮች ሲሆን የሚይዘውም በሜሞሪ ላይ ነው። ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዲስክ የሌላቸው ትናንሽ ፎርቲጌቶችም እንደዚሁ ናቸው። ሰብሮ የገባ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ከሚያጠፋቸው ነገሮች አንዱ ሎግ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ ስቶር ውስጥ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ሊነክስና አርሲስሎግ የተባለ ሎግ ተቀባይ ፕሮግራም ተጭኖበት ለትንሽ ቢሮ ይበቃል። ፋየርዎሉ በዩዲፒ ፖርት 514 ይልክለታል። ዩዲፒ ለመድረሱ ዋስትና ስለሌለው መሣሪያው ከቻለ በቲሲፒ ይሁን፤ መስመሩ ከግቢ የሚወጣ ከሆነ በ6514 ተመስጥሮ ይሂድ። ያን ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ተራ ቢሮ አገልግሎት ሰጪ ባይሆንም እኔ ከ3 ወር በታች እንዲቀመጥ አልመክርም፤ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከተፈጸመ ከሳምንታት በኋላ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። አይፒው ጥፋተኛውን ይነግራችኋል የሚለው።

አይፒ የሰው ስም አይደለም። ብዙ ቢሮ ውስጥ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ነው። ጠዋት የአንዲት ጸሐፊ ኮምፒውተር የያዘው አድራሻ ከሰዓት በኋላ የእንግዳ ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 እና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች እውነተኛ የማክ አድራሻቸውን (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ሸሽገው በየዋይፋዩ የዘፈቀደ አድራሻ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ማክን አይቶ ይህ የእገሌ ስልክ ነው ማለትም አስቸጋሪ ሆኗል።

እዚሁ ከተማ አንድ የንግድ ቤት ውስጥ የስቶር ሠራተኛ የሆነች ልጅ በሥራ ሰዓት የቤቲንግ ድረ ገጽ ከፍተሻል ተብላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎባት ነበር። ማስረጃው አንድ የሎግ መስመር ነው። ልጅቷ ምንም ብትል የሚሰማት አጣች። በኋላ የዲኤችሲፒው መዝገብ ሲታይ አድራሻው በዚያች ሰዓት የተሰጠው ለአንድ ስልክ ነበር፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ግን ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ደብዳቤው ተነሣ። ያ ሁሉ ቀን በባልደረቦቿ ፊት የተሸማቀቀችውን ግን ማን ይመልስላታል? አቦ፣ በሰው እንጀራ ላይ እንዲህ አይፈረድም።

አድራሻው ትክክል ቢሆን እንኳ መስመሩ ሰውየው ነካው አይልም። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ማስታወቂያው፣ ቪዲዮው፣ መከታተያው እያንዳንዱ የየራሱን ግንኙነት ይከፍታል። የዜና ገጽ ያየ ሰው ሎጉ ላይ ሰምቶ የማያውቃቸው የብዙ ድረ ገጾች ጎብኚ ሆኖ ይታያል።

ከውጭ የሚመጣውን አድራሻ በተመለከተም ያው ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ተጠቃሚዎች አንድን ፐብሊክ አይፒ ለብዙ ሆነው ሊጋሩ ይችላሉ። ከመካከላቸው አንዱን ለመለየት ትክክለኛው ሰዓትና የምንጩ ፖርት ያስፈልጋል። ቅድም እለፉት ያልኳችሁ የግራው ፖርት እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6302 የተባለ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰርቨሮች የምንጩን ፖርት እንዲመዘግቡ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጽሑፉ የሠራተኞችን የድረ ገጽ ዝርዝር በስብሰባ ላይ ማሳየት ለሌላውም ትምህርት ይሆናል ይላል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ማን ምን እንዳየ የሚያሳይ ዝርዝር የግል መረጃ ነው። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ሕጉ ባይኖር እንኳ የሰው ሕመም፣ ዕዳ፣ እምነት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይነበባል። ሎጉን የሚያዩ ሰዎች ጥቂትና የታወቁ ይሁኑ። ሠራተኛውም ትራፊኩ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይነገረው።

ሰዓቱን በአጭሩ። ከላይ ያስቀመጥኩት መስመር 13:41 ይላል። መሣሪያው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከተሞላ በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ41 ነው፤ ቢሮው ተዘግቷል፤ ነገሩ ያጠራጥራል። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተሞላ ግን 3 ሰዓት ሲጨመርበት 16:41፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ41 ይሆናል፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አንድ መስመር፣ ሁለት የተለያየ ታሪክ። በዩቲሲ የተጻፈን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 መቀነስ በቂ ነው (3 ተጨምሮ 6 ይቀነሳልና)። ደግሞም ብዙዎቹ ትናንሽ ማይክሮቲኮች የሰዓት ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን 1970 ብለው ሊጀምሩ ይችላሉ። ኤንቲፒን (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን) ክፈቱ፤ በዩዲፒ 123 ይሠራል፤ ዋጋ አያስከፍልም። ለልጅቷ የተጻፈው ደብዳቤ የተነሣው የፋየርዎሉና የዲኤችሲፒው ሰዓት ገጥሞ ስለነበር ነው።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ደረጃውን 7 ላይ አድርጎ ሁሉንም ነገር መቅዳት መሣሪያውን ያጨናንቃል፤ የሚፈለገውንም ይቀብረዋል። እኔም አረንጓዴውን መዝግቡ ስል ወደ ውጭ የሚወጣውንና ከውጭ የሚገባውን ማለቴ ነው። በውስጥ ካለው ፕሪንተር ጋር የሚደረገውን እያንዳንዱን ንግግር ማለቴ አይደለም። በ224 ወደሚጀምሩ (ለቡድን የሚላክባቸው) አድራሻዎችና ወደ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክበት) አድራሻ የሚሄደው ጫጫታ ያለ ሎግ ይጣል።

ወንድሜ ሆይ፣ ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷልና እርማቱም በዚያው መጠን እንዲደርስ እለምንዎታለሁ። የሎግ ደረጃውንና የአገር መዝጋቱን ጉዳይ በረጋ ጊዜ ሊመለሱበት ይችላሉ። ሠራተኛን በአይፒ ጠይቁ የሚለውን ክፍል ግን ዛሬውኑ ያውጡት፤ በዚያ ምክንያት ደብዳቤ ሊጽፍ እጁን ያነሣ ኃላፊ ይኖራል።